በሩ ተዘግቷል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም፦ የመኪና የውስጥ መብራት እምቢ ሲል ምን እናድርግ?

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ክረምት በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዛ። መኪናው በተለምዶ «ዲኤክስ» የምንላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ማታ ደህና አድርጎ ያቆማታል፤ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ግን ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጋራዥ ሲወስዳት «ባትሪው ሞቷል» ተባለና አዲስ ገዛ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር ተመለሰ። ሌላ ባትሪ ተገዛ። እሱም አላዋጣ ሲል «እንግዲህ ዲናሞው ነው» ተባለ። ዲናሞው ሊፈታ ቀጠሮ በተያዘበት ሳምንት የሰፈሩ የሌሊት ጥበቃ አንድ ጠዋት ጠሩትና፣ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪናህ ውስጥ መብራት የምታበራው ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ነገሩ ይኸው ነበር። ከኋላ በግራ በኩል ያለው በር ስዊች ዝጎ አንዳንድ ሌሊት ተጣብቆ ይቀራል፤ በሩ ሲዘጋ መብራቱ አይጠፋም። መኪናዋን የሚያቆማት ገና ሳይጨልም በመሆኑ ባለቤቱ ልብ አላለውም። ችግሩ የተፈታው በአንድ ካቻቪቴ፣ በቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና በሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ለዚያች ሩብ ሰዓት ግን የሁለት ባትሪ ዋጋና ሥራ የተፈታባቸው በርካታ ጠዋቶች ተከፍለዋል።

መኪና ለብዙዎቻችን የዕለት እንጀራ ነው። ታክሲ የሚሠራ ሰው መኪናው ጠዋት ካልተነሳች የዚያን ቀን ገቢ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመኪና የውስጥ መብራት አልጠፋም ሲል ምክንያቱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዴት መፈለግ እንደሚቻል እንመለከታለን። አብዛኛውን ሥራ ማንኛውም አሽከርካሪ በራሱ ሊሞክረው ይችላል።

መብራቱ እንዴት ይበራል? እንዴትስ ይጠፋል?

መብራቱ አልጠፋም ሲል ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው አምፖሉ ላይ ነው። አምፖል ግን ሲበላሽ አይበራም እንጂ «አልጠፋም» አይልም። መብራቱ የበራው መኪናዋ አንድ በር ክፍት ነው ብላ ስላመነች ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለብን በሩ ክፍት ነው ብሎ የሚዋሸውን ነው።

አሠራሩ ከቤታችን ፍሪጅ መብራት ጋር ይመሳሰላል። ፍሪጁ ሲዘጋ በሩ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ይጫናል፤ መብራቱም ይጠፋል። በአብዛኞቹ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይም ከበሩ ማረፊያ ብረት ላይ ጎማ የለበሰች፣ እንደ ጣት ጫፍ ወጣ ያለች ስዊች አለች። በሩ ሲዘጋ ወደ ውስጥ ትገፋለች፤ ሲከፈት በስፕሪንግ ተመልሳ ትወጣለች።

የመብራቱ ፖዘቲቭ ሽቦ ቁልፉ ቢነቀልም እንኳ በፊውዝ በኩል ከባትሪው እንደተገናኘ ይቆያል። የሚቋረጠውና የሚገናኘው ኔጌቲቩ ነው። በሩ ሲከፈት ስዊቿ ሽቦውን ከመኪናው አካል፣ ማለትም ከቦዲው ብረት ጋር ታገናኘዋለች፤ መብራቱ ይበራል። የአራቱም በሮች ስዊቾች የሚሠሩት ለአንድ መብራት ስለሆነ፣ አንዷ ብቻ ብትበላሽ ሦስቱ ደህና መሆናቸው አያድንም።

ባትሪውን በስንት ሰዓት ይጨርሰዋል?

«አንዲት ትንሽ መብራት ምን ታደርጋለች?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እስቲ እናስላው። በ12 ቮልት የሚሠራ 10 ዋት አምፖል ወደ 0.8 አምፔር ይወስዳል። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ለመጨረስ 54 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሞተር ለማስነሳት ግን ባትሪው ባዶ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ግማሹ ከሄደ በብርድ ጠዋት መቸገር ይጀምራል። ይህ 27 ሰዓት ገደማ ነው፤ ማለትም ቅዳሜ ማታ የቆመች መኪና ሰኞ ጠዋት ላትነሳ ትችላለች።

ይህ ለአዲስ ባትሪ ነው። አገልግሎቱ ገፍቶ መያዝ የሚችለው በግማሽ ለቀነሰ ባትሪ ጊዜውም በግማሽ ይቀንሳል። ከማታው 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የበራ መብራት ይበቃዋል ማለት ነው። የፊትና የኋላ መብራት ሁለቱም ከበሩ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

ካቻቪቴ ከማንሳታችን በፊት

መጀመሪያ ምንም ሳንፈታ የምናያቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የመብራቱ የራሱ ማጥፊያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ አለው፦ ሁልጊዜ የሚበራበት፣ በር ሲከፈት ብቻ የሚበራበትና ጭራሽ የማይበራበት። ሕፃናት ሲጫወቱ ወይም ተሳፋሪ ዕቃ ሲፈልግ ሁልጊዜ ወደሚበራበት ገፍቶት ሊሄድ ይችላል። የኋላ መብራት ካለም እንደዚሁ ይታይ። በአንዳንድ የአሜሪካ ሥሪት መኪኖች ላይ ደግሞ የዳሽቦርድ መብራትን የምናደምቅበት ተሽከርካሪ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከዞረ የውስጥ መብራቱን አብሮ ያበራዋል፤ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች በሩ ከተዘጋ በኋላ መብራቱን ወዲያው አያጠፉትም። ሰው ቁልፉን እስኪያገኝ ብለው ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ያቆዩታል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሦስተኛው በሮቹን ሁሉ በደንብ ከፍቶ መዝጋት ነው፤ የኋላውን የዕቃ በር ጨምሮ። የደህንነት ቀበቶ ጫፍ፣ የልብስ ጠርዝ ወይም የወለል ምንጣፍ በር መሐል ገብቶ ሊሆን ይችላል። በተንሸራታች በር በሚሠሩ ሚኒባሶች ላይ በሩ የተዘጋ መስሎ አንድ ጣት ያህል ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አራተኛው ዳሽቦርዱ ነው። ቁልፉን ከፍተው የክፍት በር ምልክት መብራቱን ይመልከቱ። ከውስጥ መብራቱ ጋር ይህም ከበራ ጥፋቱ በእርግጥ ከበር በኩል ነው። ምልክቱ ጠፍቶ የጣሪያው መብራት ብቻ ከበራ ግን የመብራቱን ማጥፊያ ወይም ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦ መጠርጠር ይሻላል።

የሚዋሸው የትኛው በር ነው?

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። ጊዜው መሸት ያለ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ቢሆን መብራቱ በደንብ ይታያል። የመብራቱን ማጥፊያ በር ሲከፈት በሚበራበት ቦታ ላይ ያድርጉ። ከዚያ አንድ በር ብቻ ይክፈቱ፤ ሌሎቹ ሁሉ ዝግ ይሁኑ። የዚያን በር ስዊች በጣትዎ እስከ መጨረሻው ይጫኑና መብራቱን ይመልከቱ።

መብራቱ ከጠፋ ስዊቿ ጤነኛ ናት፤ በሩ ሲዘጋ ግን በደንብ አልደረሰባትም ማለት ነው። ካልጠፋ ይህን በር ዘግተው ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ። በዚህ ሁኔታ ሁሉንም በሮች ይሞክሩ። ስዊቿ ሲጫኗት እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ የማትገባ ከሆነ እሷን በቅድሚያ ይጠርጥሩ።

በጣት ተጭነን ያገኘነው ነገር ከሌለ ስዊቾቹን አንድ በአንድ ማውጣት ነው። አብዛኞቹ የተያዙት በአንዲት ብሎን ብቻ ነው። ብሎኗን ፈትተው ስዊቿን ከብረቱ ቀስ አድርገው ያውጧት። ስዊቿ ኔጌቲቭ የምታገኘው በዚያችው ብሎንና ከቦዲው ጋር በመነካካት ስለሆነ፣ ከብረቱ ስትለይ መብራቱ ከጠፋ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ካልጠፋ ደግሞ ስዊቿን እንደወጣች ይተዋትና ወደ ሚቀጥለው በር ይለፉ፤ ሁለት ስዊቾች አብረው የተበላሹ እንደሆነ አንዷን መልሰን ሌላዋን ብናወጣ ለውጡን አናይም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስዊቿ ስትወጣ ሽቦው አጭር ስለሆነ ተመልሶ ወደ ቦዲው ቀዳዳ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ከባድ ነው። ሶኬቱን ከመንቀልዎ በፊት ሽቦውን በናስትሮ ከብረቱ ጋር ያጣብቁት። የሽቦው ጫፍ ብረት እንዲነካም አይተዉት።

ከተገኘች በኋላ

የስዊች በሽታ ብዙውን ጊዜ ዝገት፣ አቧራና ውኃ ነው። ጎማዋ ከተቀደደ የክረምት ዝናብ ይገባባታል። ላቫጆ ቤት በግፊት ውኃ በሩ ተከፍቶ ከታጠበ በኋላም መብራቱ ለአንድ ቀን አልጠፋም ሊል ይችላል፤ ሲደርቅ በራሱ ይስተካከላል። እየደጋገመ ከመጣ ግን ጎማው ውኃ እያስገባ ነው።

ስዊቿን አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የዛገውን ክፍል በስሱ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ። እንደ ደብሊውዲ 40 ያለ ርጭት ትንሽ ነፍተው ደጋግመው በመጫን እንድትላላ ያድርጉ። ያለ ችግር ከገባችና ከወጣች መልሰው ይሰሯት። ስፕሪንጓ ደክሞ ወይም ውስጧ ተበልቶ ከሆነ መቀየር ይሻላል። ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ከፈረሱ መኪኖች የወጡ ስዊቾች ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ሲሄዱ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቷ ትንሽ ከተለያየ ያው ችግር ይመለሳል።

ስዊቿ ደህና ሆና በሩ የማይደርስባት ከሆነ ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ስዊቿ የለበሰችው ጎማ ጫፉ ተበልቶ ማጠሩ ነው፤ ጎማውን መቀየር ነው። ሌላው በሩ ራሱ መውረዱ ነው። አሮጌ መኪና ላይ የበር ማጠፊያ ሲላላ በሩ ትንሽ ይወርዳል፤ ሲዘጋም ብረት ለብረት ይነካካል። ይህ የባትላሜራ ሥራ ነው። ከተጋጨች በኋላ በሯ የተስተካከለ መኪና መብራቷ አልጠፋም ካለ በቅድሚያ የሚታየው ይኸው ነው።

ስዊች የማትታይባቸው መኪኖች

በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ በሩ ማረፊያ ላይ ምንም ስዊች አናገኝም። ስዊቹ ያለው በበሩ ጠርዝ ላይ፣ በሩን በሚይዘው መቆለፊያ ውስጥ ነው። ውስጡ ያለው ግራሶ ሲደርቅና አቧራ ሲይዝ መቆለፊያው እስከ መጨረሻ አይዞርም፤ መኪናዋም በሩ ክፍት ነው ብላ ታስባለች።

ይህን ለመሞከር በሩ ክፍት ሳለ በካቻቪቴ የመቆለፊያውን ምላስ በር እንደተዘጋ አድርገው ይግፉት። ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ጥቂት ይጠብቁና መብራቱ መጥፋቱን ይዩ። ቀጥሎ ያለው እንዳይረሳ፦ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት የበሩን እጀታ ስበው ምላሱን ወደ ቦታው ይመልሱ። ምላሱ እንደተቆለፈ በሩን ቢዘጉት ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል። ብዙ ጊዜ መቆለፊያው ውስጥ ርጭት ነፍቶ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋት ይበቃል። ካልሆነ መቆለፊያውን ማስፈታት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

በሮቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ

በሮቹ ሁሉ ተፈትሸው መብራቱ አሁንም ካልጠፋ ሦስት ቦታዎች ይቀራሉ።

አንደኛው ሽቦው ነው። በበሩና በቦዲው መሐል በጎማ ቱቦ ተሸፍኖ የሚያልፈው ሽቦ በየቀኑ ይታጠፋል። እንደ ቪትዝ ባሉ ኋላቸው ወደ ላይ በሚከፈት መኪኖች ደግሞ በኋላው በር ማጠፊያ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ይበልጥ ይጎዳል። ልባሱ ተልጦ ብረት ከነካ በሩ እንደተከፈተ ይቆጠራል። በሩን ቀስ እያሉ ሲያንቀሳቅሱ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቦታው እዚያው ነው።

ሁለተኛው በኋላ የተጨመረ ዕቃ ነው። የሌባ ማንቂያ ደወልና የሪሞት ቁልፍ ሲገጠም ከበር ስዊች ሽቦ ላይ ይቀጠላል። ቅጥሉ ተላቆ ወይም ናስትሮው ወልቆ ብረት ነክቶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የጀመረው እንዲህ ያለ ሥራ ከተሠራ በኋላ ከሆነ ወደ ገጠመው ባለሙያ መመለስ ነው።

ሦስተኛው የአምፖል ቅያሬ ነው። የቀድሞው አምፖል ወጥቶ ኤልኢዲ የገባበት መኪና ላይ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ኃይል ስለሚበቃው የቀድሞው አምፖል የማያሳየውን ቅሪት ያሳያል። የመጀመሪያውን ዓይነት አምፖል መልሰው ሲያስገቡ ከጠፋ ስዊቹ ጥፋት የለበትም።

ከውጭ የማናየው መብራትም አለ፤ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫውና በፊት ወንበር በኩል ያለው የወረቀት ሳጥን። ክዳኑ ተዘግቶ መጥፋቱን ለማወቅ ስልክዎን ቪዲዮ እየቀዳ ውስጥ ያስቀምጡና ይዝጉት። ሲያወጡት መልሱን ያሳይዎታል።

ለዛሬ ሌሊት ብቻ

ጥገናው ነገ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው ግን ዛሬ መዳን አለበት። ቀላሉ መንገድ የመብራቱን ማጥፊያ ጭራሽ ወደማይበራበት መግፋት ነው። ማጥፊያው ካልሠራ ሽፋኑን በጥንቃቄ አንስተው አምፖሉን ያውጡት፤ ሲበራ የቆየ አምፖል እጅ ስለሚያቃጥል በጨርቅ ይያዙት። ካልሆነም ፊውዙን መንቀል ይቻላል፤ የትኛው እንደሆነ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይጻፋል። በብዙ መኪኖች ላይ ግን ይኸው ፊውዝ ሰዓቱንና የሬድዮውን ማስታወሻም የሚመግብ ስለሆነ እነሱም አብረው ይጠፋሉ።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። ሽቦውን ቆርጦ መተው ችግሩን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው፤ በኋላ የሚመጣ ባለሙያም ሽቦው ወዴት እንደነበር አያውቅም። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ወረቀት ብር ወይም ቁራጭ ሽቦ ማስገባት ደግሞ አደገኛ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ እሱ ከሌለ እሳቱ በጣሪያው ልብስ ውስጥ ሊነሳ ይችላል። መብራቱ እንደበራ ሌሊት ማሽከርከርም አይመከርም። ብርሃኑ የፊት መስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛን ይጋርዳል።

ባትሪው ካለቀስ?

መብራት የጨረሰው ባትሪ ሞተ ማለት አይደለም፤ ባዶ ሆነ ማለት ነው። በኬብል ከሌላ መኪና ሲያስነሱ መጀመሪያ ቀዩን ኬብል ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን ከደህናው ፖዘቲቭ ያድርጉ። ቀጥሎ ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ በደከመችው መኪና ሞተር ላይ ከባትሪው ራቅ ካለ ቀለም ከሌለው ብረት ጋር ያያይዙ። ሲፈቱ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። ገፍቶ ማስነሳት የሚቻለው ማንዋል ማርሽ ያላትን መኪና ብቻ ነው።

ከተነሳች በኋላ አጭር ጉዞ ባትሪውን አይሞላውም፤ ቻርጅ ማድረግ ይሻላል። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየና በማግስቱ ጠዋትም ካልወረደ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካነበበ ዲናሞውም ሥራውን እየሠራ ነው። ባዶ ሆኖ ለሳምንታት የተቀመጠ ባትሪ ግን በእርግጥም ይጎዳልና ቻርጁ ባይዘገይ ጥሩ ነው።

በመግቢያችን ያነሳነው ወንድማችን ይህን ልኬት ቀድሞ ቢያስደርግ ኖሮ ሁለተኛውን ባትሪ ባልገዛ ነበር። አዲስ ባትሪ ለጥቂት ሳምንት ችግሩን ሸፍኖለት ነበር እንጂ አልፈታለትም። ስለዚህ «ባትሪው ሞቷል» ሲባል ከመክፈላችን በፊት ባለሙያውን «ምን ጨረሰው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለው ገና አልተፈተሸም ማለት ነው።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ልማድ ብንይዝ መልካም ነው። መኪናዋን ቆልፈን አሥር እርምጃ ከሄድን በኋላ ዞር ብለን በመስታወቷ ወደ ውስጥ እንይ። ጨለማ ከሆነ ጠዋት ትነሳለች። የጎረቤታችን መኪና በርቶ ካየንም እንደዚያ ደግ ጥበቃ በሩን አንኳኩተን እንንገረው።